ሦስተኛው ተሸካሚ

በአዲስ አበባ የእግር ተጓዦች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ አለ። ርእሱ «ሎምቦክ፦ ተራራና ደሴት በትንሽ ብር» ይላል። ከባሊ ወደ ሎምቦክ በምን መሻገር እንደሚያዋጣ፣ የት በርካሽ እንደሚበላ፣ ሪንጃኒ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ለመመለስ ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ጉርሻው ሳይቀር በመስመር በመስመር ተቀምጧል። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰውም አመስግኖኛል። ሰንጠረዡ እጁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «መሪና ተሸካሚ» እና «ጉርሻ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች እንዲሰርዝልኝ እለምናለሁ። ምክንያቱን ካልተናገርኩ ደግሞ ማንም አይሰርዝልኝም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዋጋ አልጽፍም። አንዴ ጽፌ ምን እንዳደረሰ አይቻለሁ።

ቅዳሜና እሁድ የረር፣ መናገሻ፣ ወንጪ እያልን የምንወጣ ጓደኛሞች ነን። ለሩቅ ጉዞ በየወሩ ማዋጣት ስንጀምር «ዕቁብ» አልነው፤ ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ። ገንዘብ ያዡ እኔ ሆንኩ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፣ ያደግሁትም መርካቶ፣ የአባቴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሳላስቀንስ የገዛሁት ነገር ካለ ያን ቀን የተሸነፍኩ ይመስለኛል። የምናጠራቅመው በብር ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ገንዘባችን ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ግማሽ ሆነ። ይቅርብን ያሉ ነበሩ። «ለኔ ተዉት፣ በዚሁ ብር አሳካዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጉዞ መሆኑ ቀርቶ የኔ ስም ጉዳይ ሆነ።

የቆጠብኩት ሁሉ ጥፋት ነበር ማለቴ አይደለም። ለቱሪስት የሚሸጠውን ፈጣን ጀልባ ትተን፣ ፓዳንግ ባይ ከሚባለው የባሊ ወደብ ወደ ሎምቦኩ ሌምባር በሕዝብ መርከብ ተሻገርን። አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ወለሉ ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ፤ ሴቶች በወረቀት ኩባያ ላይ የፈላ ውሃ እየጨመሩ ኢንዶሚ ይሸጣሉ። ከኛ አንዷ ኢንዶሚ የአዲስ አበባ ምግብ ይመስላት ነበር፤ አገሩ ላይ ሲቀርብላት ተደነቀች። ወሽመጡ ጠባብ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ ነው፤ በበረዶ ዘመን ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ጊዜ እንኳ ባሊና ሎምቦክ በየብስ አልተገናኙም። አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1856 ይህንኑ ውሃ ተሻግሮ ባሊ ላይ ያላያቸውን ኮካቱ የሚባሉ ነጫጭ በቀቀኖች ሎምቦክ ላይ ሲያይ ነበር የእስያና የአውስትራሊያ እንስሳት ድንበር እዚህ እንደሆነ የገባው። ይህን የጻፈበትን መጽሐፍ ስልኬ ላይ ጭኜው ነበር። መርከቡ ላይ ጥቂት ገጽ አንብቤ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ወደ ዋላስ ኋላ እመለሳለሁ።

ዋሩንግ በሚባሉት የመንደር ምግብ ቤቶች በላን፤ የሎምቦክ በርበሬ እኛን እንኳ አስለቅሷል። ያደርነው አየር ማቀዝቀዣ በሌላቸው ክፍሎች ነው። ለዚህ ሁሉ ቁጠባ የከፈልነው በራሳችን እንቅልፍ፣ በራሳችን ወገብና በራሳችን ጊዜ ስለሆነ ዛሬም አልጸጸትበትም። ሰንጠረዡ ውስጥ ያሉት እነዚያ መስመሮች ይቆዩ፤ ጥሩ መስመሮች ናቸው።

ወደ ተራራው ልምጣ። ሪንጃኒ 3,726 ሜትር ነው፤ ከኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራዎች በከፍታ የሚበልጠው የሱማትራው ኬሪንቺ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሳይ ሳቅሁ። ድንኳን የሚተከልበት፣ በሰምባሉን በኩል ያለው የገሞራው አፍ ጠርዝ 2,639 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ያንሳል። ራስ ደጀን ከ4,500 በላይ አይደል? «የምናድረው ከሰፈራችን ብዙም በማይበልጥ ቦታ ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ጻፍኩ። ከፍታውን እንጂ አቀበቱን አላሰላሁም። ሰምባሉን መንደር ያለው 1,150 ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይሞላ 2,500 ሜትር ሽቅብ፣ ከዚያ ያንኑ ቁልቁል። ይህ ሳንባን ሳይሆን ጉልበትን ነው የሚጠይቀው። ስሌቴ የተሳሳተው እዚህ ላይ ቢቀር ኖሮ ለጓደኞቼ ቡና ጋብዤ በይቅርታ የሚያልፍ ነበር። እኔ ግን ይህንኑ ትምክህት ይዤ ድርድር ገባሁበት።

ሪንጃኒ ለውጭ ሰው የሚሸጠው በጥቅል ነው። ጊሊ ደሴቶች ላይ ወይም ሰንጊጊ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሸጥ አለ፤ እሱ ሰናሩ ወይም ሰምባሉን ላለ አዘጋጅ ያስተላልፋል፤ አዘጋጁ መሪ ይቀጥራል፤ ተሸካሚ ይጠራል። ገንዘቡ በዚህ መሰላል ሲወርድ በየደረጃው ይቀነስለታል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ጭነቱን በቀርከሃ የሚሸከመው ሰው ነው። እነዚህ መንደሮች ደግሞ ክፉ ዓመታት አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2018 በ6.4 መጠን ምድር ስትናወጥ ከ500 በላይ ተጓዦችና መሪዎች ናዳ መውረጃ አሳጥቷቸው ተራራው ላይ ቀሩ። በሳምንቱ ኦገስት 5 ቀን 6.9 የሆነው ተከተለ፤ በዚያ ሰሞን ሎምቦክ ከ500 በላይ ሰው ቀበረች። መንገዱ ተዘጋ፤ በ2019 ተከፈተ ሲባል ብዙም ሳይቆይ ኮቪድ መጣ። ሥራ አጥቶ የከረመ ሰው ብዙ እንደማይከራከር አባቴ ሱቅ ውስጥ ተምሬያለሁ። ይህን ሁሉ ከመሄዴ በፊት አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ለማዘን ሳይሆን ለመደራደር ነው።

አዘጋጁ በዋትስአፕ የጻፈልኝ አንድ መሪና ሦስት ተሸካሚ ብሎ ነው። ሁለት ተሸካሚ ይበቃናል አልኩት፤ የደጋ ሰዎች ነን፣ ተራራ ላይ ነው የተወለድነው፣ የየራሳችንን ቦርሳ እንሸከማለን። ቦርሳው ችግር አይደለም አለኝ፤ ድንኳኑ፣ ውሃው፣ ምግቡ፣ ጋዙ ነው ክብደቱ። የሌላ አዘጋጅ ዋጋ ያለበት ስክሪን ሾት ላክሁለት። ያ ዋጋ የቆየ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ቀኑ እንዳይታይ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ብዙ ሰዓት ዝም ካለ በኋላ «ኦኬ ቦስ» የሚል መልስ መጣ። ወዲያው ለቡድናችን ነጋሪት የሚጎስም ስቲከር ለጠፍኩ።

ሰምባሉን የደረስነው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። መነሻው ላይ ሁለቱ ተሸካሚዎች ቁጢጥ ብለው ያሰናዱ ነበር፤ አንዱ ጢሙ ያልጎለበተ ገና ልጅ፣ አንዱ ጠጉሩ ሸብቶ ሽርጥ ያገለደመ። መሬቱ ላይ ጥንድ ጥንድ ቅርጫት ሦስት ቦታ ተሰናድቶ ነበር። እያየሁ የሦስተኛው ቦታ ዕቃ ተዘርግፎ ከሁለቱ ላይ ተደለደለ፤ የውሃ ጠርሙሶቹ፣ እንቁላሉ፣ አናናሱ፣ የማብሰያ ሸራው። ሽማግሌው ቀርከሃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ለመነሣት ሞከረ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አንዱን ቅርጫት ከፍቶ አስተካከለ፤ እንደገና ተነሣ። ኪሊማንጃሮ ላይ የተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳያልፍ በሩ ላይ ሚዛን እንዳለ አንብቤያለሁ። እዚህ ሚዛን አላየሁም፤ ሚዛን ሊሆን የሚችለው የኔ ዓይን ነበር። አየሁ፤ አንድ ቃል ብናገር፣ አንድ ሰው ተጠርቶ ቢመጣ፣ ምናልባት ግማሽ ሰዓት ነበር የምንዘገየው። ሦስተኛው ተሸካሚ እዚያው መንደር ውስጥ ቤቱ ነበር። የጫማዬን ማሰሪያ አጥብቄ «እንሂድ» አልኩ።

ይህን አገሬ ላይ አላደርገውም ነበር። ስሜን ተራራ ለመውጣት ደባርቅ የሄደ ያውቀዋል፤ የስካውቱ፣ የአብሳዩ፣ የበቅሎ ነጂው የቀን ሒሳብ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ነጂዎቹ በተራቸው ይወጣሉ፤ ጭነቱም በበቅሎ ነው። ልከራከር ብፈልግ እንኳ ጠዋት «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ያልኳቸውን ሰው ማታ ለጥቂት ብር መጋፈጥ ያሳፍረኛል። አልጋፈጥም። ሎምቦክ ላይ ግን የሚያሳፍረኝ አልነበረም። መሪያችን ሽማግሌውን «ፓክ» እያለ በአክብሮት ይጠራው ነበር፤ እኔ የማውቀው «ቴሪማ ካሲ» የሚለውን ምስጋና ብቻ ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ አልኩት። በነጻ ስለሆነ።

መንገዱ መጀመሪያ በደረቅ ሣር ሜዳ ያልፋል፤ ከሦስተኛው ማረፊያ ወዲያ ሰባቱ የጸጸት ኮረብቶች የሚሏቸው ይመጣሉ። ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤ ለዚህ ጽሑፍ ከመጠን በላይ ስለሚመች መጥቀሱን ራሱ ሳመነታ ነበር። አንዱን ጨረስኩ ስትል ሌላው ከኋላው ብቅ ይላል። እኛ በውድ የተራራ ጫማ ስናለከልክ ሁለቱ በነጠላ ጫማ አልፈውን ሄዱ፤ ቀርከሃው ከእርምጃቸው ጋር እየተወዛወዘ። ልጁ ቅርንፉድ ያለበት ሲጋራ እያጨሰ ነው የሚወጣው፤ የቅርንፉዱ ሽታ መንገዱ ላይ ይቀራል። ሽማግሌው ግን ከአምስተኛው ኮረብታ በኋላ መቆም ጀመረ። ቆሞ ቀርከሃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዞራል፤ ግራ እግሩን በእጁ ያሻል፤ ይቀጥላል።

ጠርዙ ላይ ስንደርስ ከታች ሰጋራ አናክ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፤ መካከሉ ላይ ባሩጃሪ የሚባለው ትንሹ እሳተ ገሞራ ብቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1257 እዚህ ቦታ ላይ ሳማላስ የተባለ ተራራ ፈንድቶ ነበር። የድኙ ዝቃጭ በግሪንላንድም በአንታርክቲካም በረዶ ውስጥ ሲገኝ ሊቃውንት ከየት እንደመጣ ለብዙ ዓመታት ሲፈልጉ ኖረው በ2013 ነው ሎምቦክ መሆኑን ያረጋገጡት። የሎምቦክ ሰዎች ግን በዘንባባ ቅጠል ላይ ጽፈው አቆይተውት ነበር፤ ፓማታን የምትባል ከተማ እንዴት እንደጠፋች ጭምር። መሪያችን ይህን ሲያወራልን ሁላችንም ፊታችንን ወደ ሐይቁ አዙረን ፎቶ እናነሣለን። ከኋላችን ሽማግሌው ሽንኩርት ይልጥ ነበር፤ ልጁ ዝንጀሮዎቹ እንቁላሉን እንዳይወስዱ በዱላ ይጠብቃል።

ማታ ነፋሱ ተነሣ። ብርዱ አጥንት የሚገባ ነው። እኛ ወደ ድንኳናችን ስንገባ ነርሷ ጓደኛችን «እነሱ የት ነው የሚያድሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያድሩበት ድንኳን ከሦስተኛው ጭነት ጋር ቀርቷል። የማብሰያውን ሸራ በሁለት ዱላ አዘንብለው፣ ሽርጣቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው፣ ከምድጃው አጠገብ ተጠጋግተው ተኝተዋል። አውቄ ነበር።

«የለመዱት ነው» አልኳት።

እሷ ግን አላመነችኝም። የራሷን ፎጣና አንድ ጃኬት ወስዳ ሰጠቻቸው። እኔ በስሊፒንግ ባጌ ውስጥ ሆኜ ይህ ነገር ነገ ሒሳብ ላይ ጣጣ ያመጣ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ላሳምረው አልፈልግም።

ስለ ጫፉ ብዙ የምለው የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሣን፤ አመድና ጠጠር ላይ ሁለት እየረገጥን አንድ እየተንሸራተትን ወጣን፤ ፀሐይዋ ወጣች። ፎቶው ሞልቷል። ስንመለስ ሽማግሌው ቁርስ ሠርቶ ጠበቀን፤ የሙዝ ፓንኬክ። ሲያቀርብልን እያነከሰ ነበር። ነርሷ ጉልበቱን እንዲያሳያት በምልክት ለመነችው፤ አብጧል። ባንዴጅ አሰረችለት፣ ማስታገሻ ሰጠችው፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ «ይህን ዕቃ ይዞ መውረድ አይችልም» አለችኝ። ከዕቃው ጥቂቱን ተከፋፈልን፤ መሪውም አንድ ድንኳን ጀርባው ላይ አሰረ፤ የቀረውን ልጁ ቀርከሃው ላይ ጨመረው። ሽማግሌው ባዶውን አልወረደም፤ እንቢ አለ። ሙሉ ጭነት ካላደረሰ ሙሉ ክፍያ እንዳያጣ ይሁን ወይም ለክብሩ፣ አልጠየቅኩም።

አሁን ለነርሷም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያልነገርኩትን ልናገር።

ከአዲስ አበባ ሳንነሣ ለመሪውና ለተሸካሚዎቹ ጉርሻ ብለን ለብቻው አዋጥተን ነበር። ሐሳቡ የነርሷ ነው፤ ሁሉም ተስማምቶ ገንዘቡን ለኔ ሰጠኝ። ሰምባሉን ላይ መኪናው ሲመጣ መሪውን ለብቻው ጠራሁትና ከመዋጮው ግማሹን ሰጠሁት፤ ለሦስታችሁ አልኩት። ግማሹን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ለራሴ የሰጠሁት ስም «መጠባበቂያ» ነው። ጓደኞቼ ከመኪናው ውስጥ እጃቸውን እያውለበለቡ ይሰናበቱ ነበር፤ ሽማግሌውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልን።

በማግስቱ ጊሊ ደሴቶች ገባን። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ የማይነዳባቸው ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው፤ ትራዋንጋን፣ ሜኖ፣ አይር። የሚጓጓዙት በብስክሌትና ቺዶሞ በሚሉት የፈረስ ጋሪ ነው። በዕቅዴ መሠረት በስኖርክል የምንዋኘው ከሌላ ሰው ጋር በሚጋራ ጀልባ ነበር። የተራራው ድካም ሁሉንም አዝሏቸው ስለነበር አስደስታቸዋለሁ ብዬ የግል ጀልባ ያዝኩ። በዚያ በመጠባበቂያው። ሜኖ ዳርቻ ባሕሩ ውስጥ ጄሰን ዴኬርስ ቴይለር የሠራቸው 48 የሰው ሐውልቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ዓሣ በመካከላቸው ይመላለሳል፤ የባሕር ኤሊም አየን። ጓደኞቼ «ገንዘብ ያዣችን ይባረክ! ይህን ሁሉ በዚያች ብር!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ያ ጭብጨባ ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ደስ እንዳለኝ ነው የሄድኩት።

ሰንጠረዡን የሠራሁት በዚያ ደስታ ነው። «መሪና ተሸካሚ» ከሚለው ትይዩ በስክሪን ሾት አታልዬ ያወረድኩትን ዋጋ ጻፍኩ። «ጉርሻ» ከሚለው ትይዩ ደግሞ የሰጠሁትን ግማሽ አስቀምጬ ጎኑ ላይ «በቂ ነው» የሚል ማስታወሻ ጨመርኩ። ከዚያ ለቀቅኩት። ጥቂት ወራት ቆይቶ የማላውቃቸው ሰዎች መጻፍ ጀመሩ፤ ሰንጠረዥህን ለአዘጋጁ አሳይተን በዚያው ዋጋ ተስማማን፣ እንዲያውም ትንሽ አስቀነስን። የኔ ዋጋ ለሚቀጥለው ተደራዳሪ መነሻ ሆኖ ነበር። ይህን ሳነብ እንኳ የተሰማኝ ኩራት ነው።

ነገሩን የገለበጠብኝ ዋላስ ነው። በአንድ የክረምት ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ላይ ያንን መርከብ ላይ የጀመርኩትን መጽሐፍ ከፈትኩ። ሎምቦክ ላይ የሰማውን አንድ ታሪክ ምዕራፍ ሰጥቶ ጽፎታል። የደሴቲቱ ንጉሥ ዋናው ግብሩ ሩዝ ነበር፤ በያንዳንዱ ወንድ፣ ሴትና ሕፃን ልክ በዓመት አንድ አንድ መስፈሪያ። ሕዝቡ ይከፍላል። ሩዙ ግን ጎተራው እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። የመንደሩ ሹም ጥቂት ያስቀራል፤ ከሱ በላይ ያለው ጥቂት ያስቀራል፤ መኳንንቱም እንዲሁ። ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ጎድሏል፤ እዚህ ወረዳ በሽታ ነበር፣ እዚያ አዝመራው ከፍቷል ይባላል። ንጉሡ ግን ሲዘዋወር መንደሩ በሰው ተሞልቶ ያያል፤ የሹማምንቱም የጩቤ እጀታ ከእንጨት ወደ ዝሆን ጥርስ፣ ከዝሆን ጥርስ ወደ ወርቅ ሲለወጥ ያያል።

ሌባ ናችሁ ማለት አልፈለገም። ወደ ታላቁ ተራራ ወጣ። ሲመለስ የተራራው መንፈስ ተናገረኝ አለ፦ ቸነፈር ይመጣል፤ ከዚያ የሚያድኑ ዐሥራ ሁለት ቅዱሳን ጩቤዎች ይሠሩ፤ ለዚህም እያንዳንዱ መንደር በነፍስ ወከፍ አንድ መርፌ ይላክ፤ ቁጥሩ ከተዛባ ጩቤው ለዚያ መንደር አይሠራም። ሹማምንቱ ፈርተው በትክክል ቆጠሩ፤ ንጉሡም መርፌውን ተቀብሎ ቁጥሩን በየመንደሩ መዘገበ። ሩዙ ሲመጣ ጥቂት ለጎደለበት ዝም አለ። ግማሽ ለጎደለበት ግን በለዘብታ፦ መንደርህ የላከው መርፌ ከእገሌ መንደር ይበልጣል፣ ግብርህ ግን ያንሳል፤ ሄደህ ያልከፈለውን ሰው ፈልግ አለው። በሚቀጥለው ዓመት ጎተራው ሞላ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ራሴን ንጉሡ አድርጌ ነበር ያነበብኩት። ደላሎች በየደረጃው ሊበሉኝ የነበረ፣ በብልሃቱ ያመለጣቸው ብልህ ሰው። ከዚያ የዋትስአፕ ስክሪን ሾቱ ትዝ አለኝ። ከዚያ ጀልባው። ሩዝ እጄ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰዎች ለይተው፣ ቆጥረው፣ ለእገሌ አድርስ ብለው ሰጥተውኝ ነበር። አዘጋጁ ቢያንስ ድርሻውን የወሰደው በግልጽ ነው። እኔ የመንደር ሹሙ ነኝ። የጩቤዬ እጀታ ደግሞ ያ ጭብጨባ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ስለ ገንዘቡ ብዙም አልቆዩበትም፤ የገንዘቡ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ሁለት ወገን ናቸው አልኳቸው፤ የሰጡኝና ያልደረሳቸው። ታዲያ ለሁለቱም ሂድ አሉኝ።

ለጓደኞቼ ወንጪ በሄድንበት ቀን፣ ምሳ ላይ ነገርኳቸው። ብዙዎቹ ዝም አሉ። አንዱ ሊያቀልልኝ ፈልጎ «ተወው፣ እኛም እኮ ጀልባውን ተዝናንተንበታል» አለ። ነርሷን ያናደዳት እሱ ነው። «የኔን እጅ ነው የሰረቅኸው» አለችኝ፤ «እኔ ለዚያ ሰውዬ የሰጠሁ እየመሰለኝ ነው የተሰናበትኩት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራን አትወጣም። ሒሳቡን ሌላ ሰው ተረክቧል፤ ትክክል ነው።

ላልደረሳቸው ማድረስ የበለጠ ከበደ። እጄ ላይ ያለው አድራሻ የአዘጋጁ የዋትስአፕ ቁጥር ብቻ ነው። በሱ ብልክ በዚያው መሰላል ነው የሚወርደው፤ እሱን ጠርጥሬ ሳበቃ ደግሞ መጠርጠር የሚገባኝ እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል። ስማቸውን ጠይቄ አልጻፍኩም። ለመርከብ ቲኬት ደረሰኝ ያስቀመጥኩ ሰው ዕቃዬን የተሸከሙትን ሰዎች ስም አልያዝኩም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስፈትሽ ሽማግሌው በአንዱ ብቻ፣ በጎን በኩል፣ ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ ተገኘ።

በዚህ መካከል ከሌላ ቡድን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ፤ ሰንጠረዡ ደርሷት ዋጋው አሁንም ይሠራ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው። አሁን ለእናንተ የነገርኳችሁን ነገርኳት። ሦስት ተሸካሚ እንድትይዝ፣ የሚያድሩበት ድንኳን መኖሩን ሳትነሣ እንድታይ፣ ጉርሻውን በየሰው እጅ ራሷ እንድታስቀምጥ ለመንኳት። ፎቶውንና ያስቀረሁትን ገንዘብ፣ የቀነስኩትን የሦስተኛውን ሰው የቀን ሒሳብ ጨምሬ፣ ሰጠኋት።

ከሰምባሉን ደወለች። መነሻው ላይ ያሉት ሰዎች ፎቶውን ተቀባብለው አይተው ለይተውታል። መሸከም ትቷል አሏት፤ ነጭ ሽንኩርት እርሻ ላይ ነው፣ ራቅ ያለ ነው፣ እሷም መኪናዋ እየጠበቃት ነው። አንድ ወጣት የወንድሙ ልጅ ነኝ፣ እኔ አደርስለታለሁ እያለ አጠገቧ ቆሟል። «ምን ላድርግ? ደረሰኝ ላስፈርመው እንዴ?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ደረሰኝ ብር አውጥቼ አላውቅም።

«ስጪው» አልኳት።

የሁለተኛውን ተሸካሚ፣ የልጁን፣ ድርሻ ግን ይዛው ተመለሰች። በአንዱም ፎቶ ውስጥ ስለሌለ የሚያውቀው አልተገኘም። የሦስተኛውም ሰው እንደዚያው ነው፤ ያን ቀን ተጠርቶ ሊመጣ የነበረው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ሁለቱም ድርሻ መዝገቤ ላይ «ተከፋይ» በሚለው ሥር ተመዝግቦ ይገኛል።